ውርንጭላውን ሲቆም አሳዩኝ

ከወረኢሉ መካነ ሰላም በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጡት አዛውንት አጠገባቸው ላለችው ወጣት ያወሯታል።

«ባዝራችን ወለደች። ውርንጭላው ግን የኋላ እግሮቹ ከቁርጭምጭሚታቸው ታጥፈው መቆም አቃተው።»

«ታዲያ ምን አደረጉ፣ አባባ?»

«ሐኪሙ በጨርቅና በቀርከሃ አሰረለት፤ ይቃናል አለኝ። ጭንቄ ጅዳ ያለችው ልጄ ናት። ባዝራዋን የገዛችልን እሷ ናት። ደውላ ‹ውርንጭላውን ሲቆም አሳዩኝ› አለች።»

«እውነቱን ነገሯት?»

«በሰው አገር ለምን ትዘን? ጋቢዬን አውልቄ በሆዱ ስር አሳለፍኩና ደግፌ አቆምኩት። እናቷ ስልኩን ያዘች።»

«አላወቀችም?»

«አየችና ‹አባዬ፣ ብርድ ነው፤ አስተኛውና ጋቢህን ልበስ› አለችኝ።»

«አሁንስ?»

«ዛሬ ጠዋት ብቻውን ቆሞ ጠባ። ስትደውል አሳያታለሁ።»

«ወራጅ አለ» ሳልል መውረጃዬን አለፍኩት።