ብቻህን ሆነህ አትክፈተው

በእኛ ጊዜ መርዶ በወረቀት አይነገርም ነበር። ስሙኝ ልጆች፣ እኔ ወሬ አላበዛም፣ ይህችን ግን ልንገራችሁ። መርዶ ዘመድ ጎረቤቱ ተሰብስቦ በማለዳ በር አንኳኩቶ ነው የሚነግረው፤ ሰውየው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ መኖር አለበት። እና ይኸው ልማድ እስከ አሜሪካ፣ እስከ አውሮራ ከተማ ተከትሎኝ መጥቶ ጉድ ሠራኝ።

ሁለት ሺህ በፈረንጅ ከገባ ጥቂት ዓመት በኋላ ልጄ ውብእርስት አመጣችኝና ቻምበርስ ሮድ ተቀመጥን። ከእኛ በታች ባለው አፓርታማ መሪጌታ ጥበቡ የሚባሉ የቅኔ መምህር ነበሩ። ለንደን ደግሞ ደምሰው የሚባል ወዳጅ አላቸው፣ መጽሐፍ ደራሲ ነው፣ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ሁለቱ በደብዳቤ ይከራከራሉ። ደራሲው፣ «የሞተ ሰው አይሰማም፤ የሚቀረው የጻፈው ብቻ ነው» ይላል። መሪጌታ፣ «ይሰማል እንጂ! ስሞት አይቼ እጽፍልሃለሁ በለው!» ይላሉ። ታዲያ ዓይናቸው ደክሟልና ጸሐፊው እኔ ነኝ። እኔ፣ ሦስተኛ ክፍል ያልጨረስኩ ገበሬ! ፊደሌ ትልልቅ ነው፣ መስመሬም ሰነፍ በሬ እንዳረሰው ትልም ወደ ጎን ይሄዳል። «አንተ፣ ያልኩህን ብቻ ጻፍ፣ ከራስህ አትጨምር!» ይሉኛል። «እሺ» እላለሁ። ከእሺ ሌላ አልናገርም።

ታዲያ በረዶው በከበደበት ሰሞን መሪጌታ አረፉ። ቀበርናቸው። አፈሩ በብርድ ድንጋይ ሆኖ ነበር። እኔም ያን የማያዩበትን መነጽራቸውን፣ ለማንም ሳልናገር፣ ኪሴ ከትቼ መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆሜ ነበር።

ውብእርስት፣ «አባዬ፣ ለጋሽ ደምሰው እንደውልላቸው» አለችኝ።

«ብቻውን ላለ ሰው? በስልክ?»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ወደዚያ የሚሄድ ሰው እስኪገኝ ዝም በይ!»

እና ደብዳቤ ቢቀርበት ይጠረጥራል ብዬ በመሪጌታ ስም ሁለት መስመር ጻፍኩ። «ደህና ነኝ። ብርዱ በርትቷል።» መሳቢያቸው ውስጥ ሁለት ቴምብር ቀርቶ ነበር፣ አንዱን ለጥፌ ላክሁት። በሞተ ሰው ስም ደህና ነኝ ማለት፣ ልጆች፣ እጅ ያቀዘቅዛል።

መልሱ መጣ። በማን ስም? በእኔ! ያ ደራሲ እስከዚያ ቀን ስሜን ሰምቶት አያውቅም።

«በአንድ ቀን ሁለት ደብዳቤ ደረሰኝ» ይላል። «አንደኛው ደህና ነኝ ይላል። የሁለተኛው ፖስታ ጀርባ ላይ ግን ‹ብቻህን ሆነህ አትክፈተው› የሚል ነበረበት፤ ስለዚህ ጎረቤቶቼን ጠርቼ ከፈትኩት። ስወድቅ ያዙኝ። ይኸው፣ አንተም እየው።»

አብሮ የመጣውን ወረቀት ዘረጋሁት። የእኔ ጽሕፈት! ያው ትልልቁ ፊደል፣ ያው ወደ ጎን የሚሄደው መስመር። «ደምሰው፣ ተረታህ» ይላል። «አፈሩ ሣጥኔ ላይ ሲወድቅ ሰማሁት፣ እንደ ድንጋይ ነው። ገበሬው መነጽሬን ኪሱ ከትቶ ቆሟል። ተወው፣ ይያዘው።» ከዚያ በታች ቅኔ አለ፣ በግእዝ። ቄሱ ዘንድ ወሰድኩት፤ አነበቡት፣ አንዴ ቀና ብለው አዩኝ፣ አጥፈው መለሱልኝ።

እኔ ያን አልጻፍኩም። ስሙኝ፣ አልጻፍኩም።

ምን አልሽ ሳራ? «አባባ፣ ሜይቢ ስሊፕዎክ አድርገው ይሆናል»? በእንቅልፍ ልቤ ተነስቼ ጻፍኩ ማለትሽ ነው? ይሁን፣ እሺ። መሳቢያውን ስከፍትም ሁለተኛው ቴምብር የለም፣ ይህንንም ልጨምርልሽ። ግእዙንስ ማን አስተማረኝ? ሃ ሃ! ነይ፣ አትፍሪ፣ ወደዚህ ተጠጊ። እኔ የሚያሳፍረኝ ሌላ ነው። እኔ በሕይወት ያለሁት፣ ልማድ አከብራለሁ ብዬ ሰውየውን ዋሸሁት፤ መሪጌታ ግን ሞተውም ጎረቤት አስጠሩለት።