ከእሳት እንደወረደ

የተከበራችሁ ካህናት አባቶቻችን፣ የዕድራችን ዳኛ ጋሼ ወልደ ጊዮርጊስ፣ እናቶች፣ አባቶች፣ ከሲሬና ከሮቤ መኪናችሁን አቁማችሁ የመጣችሁ የመናኸሪያ ልጆች፦ እግዚአብሔር ሁላችንንም ያጽናን። እኔ ጌትነት ነኝ፤ ዛሬ ከምንሸኘው ከእንደሻው ጋር የአሰላን መስመር ስነዳ የኖርኩ ሹፌር። ንግግር አላውቅም፤ የማውቀው ክላክስ ነው።

ሰው ሲሞት ደግ ደጉ ይወራል። ደግነቱንማ ታውቃላችሁ፤ ሕመምተኛ ሲያገኝ ጋቢና ነበር የሚያስቀምጠው። እኔ ግን ዛሬ የማወራው ስለ ገደለው ነገር ነው። ቅር የሚለው ካለ ይቅር ይበለኝ።

ማለዳ የጭላሎ ብርድ አጥንት ሲሰብር የት ነበርን? ትርፌ ገንፎ ቤት አይደል? ትርፌ ይቻትና ቆማ ታለቅሳለች። ገንፎው ከእሳት እንደወረደ ይመጣል፤ ቅቤው መሃል ላይ ይንተከተካል። «ኧረ በናታችሁ ትንሽ ይብረድ!» ትለናለች። ማን ሰምቷት! ተራ ደርሷል፣ መኪናው ሞልቷል፣ ረዳቱ ይጮሃል። ደግሞስ ተራ ባይደርስ እንተወው ነበር? ቀድሞ የጎረሰ ነበር ወንዱ። እፍ ያለማ መሳቂያ ነው። እንደሻው እንባው እየወረደ ይውጥና «የበረደ ገንፎ የሕፃን ነው» ይላል። እኛ እናጨበጭባለን። በላዩ ላይ ሲጋራ ይለኮሳል። ማታ ደግሞ አረቄው አለ።

ለምን ነበር ያጨበጨብነው? ለሚቃጠል ጉሮሮ?

አንድ ቀን ጎርሶ ቆመ። አልወርድ አለው። ውሃ ጠጣበት። ሳቅን። ከዚያ በኋላ ያለ ውሃ መጉረስ ተወ። ምነው ስንለው «ጨጓራዬ ነው» አለ። እዚህ አገር ምን ጨጓራ ያልሆነ ነገር አለ! እንጀራ አልወርድ አለው፤ ጨጓራ ነው። ቀበቶው ሰፋበትና በሚስማር ቀዳዳ ጨመረበት፤ ጨጓራ ነው። በአጥሚት ብቻ መዋል ጀመረ፤ አሁንም ጨጓራ ነው።

ባለቤቱ አባይነሽ ለምና ለምና ሐኪም ቤት ወሰደችው። እኔ ነበርኩ የነዳኋቸው። ሐኪሙ በጉሮሮው ቱቦ ሰደው አዩ። የምግብ ቧንቧ ካንሰር ነው አሉ። «ምነው ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ» ብለው አቀረቀሩ። በጣም የሚፋጅ ነገር በየቀኑ መዋጥ ቧንቧውን ይጎዳዋል፤ ሲጋራና አረቄ ሲጨመርበት አደጋው ይብሳል አሉን። «ማንም ሰው አይታመምም ብዬ አልምልላችሁም፤ አደጋውን መቀነስ ግን ይቻላል» አሉ። ምግቡ ይብረድ፣ ሲጋራውና አረቄው ይቅር፣ ጎመኑና ፍራፍሬው ይብዛ። ይኸው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ሲባል እየሰማን አይደል ያደግነው? ገንፎ እፍ ማለት ይህን ያህል ከብዶን ነበር?

በመጨረሻ ልጠይቀው ስሄድ ምራቁን እንኳ መዋጥ አቅቶት በጨርቅ ይጠርግ ነበር። ያ ድምፁ መናኸሪያውን የሚያናውጠው ሰውዬ! ጆሮዬን አስጠጋሁ። «ግዛቸውን ተመልከትልኝ» አለኝ። ግዛቸው ታናሽ ወንድሙ ነው፤ ያው እንደኛ ሹፌር። ለምን እንዲህ እንዳለኝ ያን ቀን አልገባኝም።

ባለፈው ሳምንት ገባኝ። ትርፌ ቤት ተቀምጠን ግዛቸው ጎረሰ፤ ቆመ። ውሃ ጠጣበት። እናንተም የመናኸሪያ ልጆች ነበራችሁ። የዚያን ቀን ማንም አልሳቀም። ሁላችንም አይተን ወደየመኪናችን ሄድን።

ግዛቸው፣ ቀና በል። ጨጓራ ነው እንዳትለኝ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ምናልባት ምንም ላይሆን ይችላል፤ እሰየው፣ ሐኪሙ ይንገረን። ነገ ጠዋት ከደጅህ እመጣለሁ። ሐዘን ሳትቀመጥ ቀረህ ብሎ ማንም አይቀየምህም። አይደለም እንዴ ጋሼ ወልደ ጊዮርጊስ? ይኸው፣ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁልህ። እኔ ፈርቻለሁ፤ አልደብቅህም።

እንደሻው፣ ወንድሜ። ትርፌ ቤት ሁልጊዜ ቀድመኸን ትገባ ነበር። አግዳሚው ላይ ኮፍያህን አስቀምጠህ «ይኼ ቦታ የግዛቸው ነው» ትል ነበር። አፈሩን ገለባ ያድርግልህ። ደህና ሁን። እዚያ ግን፣ አደራህን፣ ቦታ እንዳትይዝለት።