ስልኬን የተሳለሙት እትዬ ለምለም

ፎቶዎቼን የማሳይበት ድረ ገጽ መሥራት ስማር አሳሬን ነው ያየሁት። ፎቶውን ሲነኩት ቀጣዩ እንዲመጣ ለማድረግ ስንት ቀን ታገልኩ መሰላችሁ! እሺ ያለኝ ዕለት ሰቆጣ መሃል እየዘለልኩ ስሄድ ጎረቤታችንን እትዬ ለምለምን ደጃቸው ላይ አገኘኋቸው። "እትዬ፣ የእጄን ሥራ ይዩልኝማ!" ብዬ ስልኩን ፊታቸው ላይ ደቀንኩት።

የመጀመሪያው ፎቶ አንድ የደሃና ወረዳ ቄስ ናቸው፤ መስቀላቸውን ወደ ካሜራው ዘርግተዋል። እትዬ ለምለም መስቀል አይተው ዝም ይላሉ እንዴ? ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እንደ ወጉ መጀመሪያ በግንባራቸው ነኩት። ስልኩ ደግሞ ግንባርን ከጣት የት ይለያል? ቄሱን አሳልፎ ቀጣዩን ፎቶ አመጣ። የእትዬ ከንፈር ሄዶ የዝቋላ ገበያ አህያ አፍንጫ ላይ አረፈ!

ዓይናቸውን ገለጡ። አህያውን አዩ፤ እኔን አዩ። አለቀልኝ ስል፣ ግድግዳውን ተደግፈው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እኔማ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ነው የሳቅኩት። ተነስቼ ልሄድ ስል ክንዴን ያዙኝ፦

"ወዴት ነው? ቄሱን መልሳቸው እንጂ! አህያ ተሳልሜማ ቤቴ አልገባም።"