በስሕተቱ ላይ ብቻ የተጻፈ ስም

ውድ ለቀስተኞች፣ የእኅታችንን ዜና ሕይወት እንዳነብ ቤተሰቡ ታናሽ ወንድማቸውን እኔን ስለመረጠ፣ ድምፄ ቢሻክር ከሐዘን ብቻ እንዳይመስላችሁ አስቀድሜ እናገራለሁ።

እኅታችን ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን በኩር ሆነው ተወለዱ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳሉ መምህራቸው በውሃ ውስጥ የተቀመጠ ነጭ ፎስፈረስ አሳይተው ከውሃው ሲወጣ በራሱ እንደሚነድ በነገሯቸው ጊዜ፣ ክፍሉ በሙሉ እሳቱን ለማየት ሲጓጓ እሳቸው ግን ምን ቢያስጨንቀው ነው ብለው ጠየቁ፤ አንዱን ሞለኪውል የሚሠሩት አራት የፎስፈረስ አቶሞች እርስ በርስ ለመያያዝ ትስስራቸውን ከልክ በላይ አጥፈው እንደሚኖሩም ያኔ ተረዱ። ዕድሜ ልካቸውን ከዚህ ጥያቄ አልወጡም።

በዩኒቨርሲቲ ተመርቀው እዚያው መምህርት ከሆኑ በኋላ፣ የፎስፈረስ አቶሞች ከአራትም በልጠው ሲሰባሰቡ ማን ከማን ጋር ኤሌክትሮን እንደሚጋራ በኳንተም ስሌት ያጠኑ ነበር። አንድ የሒሳብ መምህር አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ፤ ባለቤታቸውም ጣውንቴ ፎስፈረስ ነው እያሉ ይቀልዱ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ በደንብ በማይዘጋ ክፍል፣ እንደ ወፍጮ በሚጮኽ አንድ ኮምፒውተር፣ ከአንድ ባልደረባቸው ጋር ጠረጴዛ ገጥመው ለዓመታት ሠሩ። እኚህ ባልደረባ የቤታችን ሰው ነበሩ፤ ትልቋ ልጅም አጎቴ ትላቸው ነበር።

እኅታችን አንድ የማይለቁት ልማድ ነበራቸው። ኮምፒውተሩ የአንድን ስብስብ ቅርጽ አገኘሁ ብሎ ሲያቆም፣ በተለይ ቅርጹ በሁሉም ጎኑ እኩል ሆኖ ዓይን የሚማርክ ከሆነ፣ አያምኑትም፤ አንዱን አቶም ከቦታው ነካ አድርገው ስሌቱን እንደገና ያስጀምሩታል። ወደነበረበት ከተመለሰ እውነተኛ ነው፤ ካልተመለሰ ግን በጫፉ እንደቆመ እርሳስ ነው፣ የቆመው የሚነካው ስላጣ ብቻ ነው።

ሁለተኛ ልጃቸውን ሊወልዱ ሆስፒታል ሲገቡ፣ እሳቸው ያሰሉት፣ ገና ያልተነካ አንድ ውብ ቅርጽ በጋራ ኮምፒውተራቸው ላይ ቀርቶ ነበር። ባልደረባቸው አራሷን ሊጠይቁ መጥተው፣ ሕፃኗን አቅፈውና መርቀው ሄዱ፤ በዚያው ሰሞንም ቅርጹን በራሳቸው ስም ብቻ አሳትመው የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሆኑ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ማለት ይኸው ነው። እኅታችን ግን ሆድ ይፍጀው ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ከዓመታት በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ያንን ቅርጽ ነካ ቢያደርጉት ፈረሰ። ያን ጊዜ ባልደረባቸው ባወጡት የእርማት ጽሑፍ ላይ፣ ስሌቱን የሠሩት እኅታችን መሆናቸውን ከነሙሉ ስማቸው አስታወቁ። ለምስጋናው የጠፋ ስም ለጥፋቱ ተገኘ።

እኅታችን ስሌቱን ከሥሩ ጀምረው ጠማማውን፣ እውነተኛውን ቅርጽ አገኙ፤ ኤሌክትሮኖቹም በሁለት አቶሞች መካከል ብቻ ሳይወሰኑ ለብዙዎቹ የጋራ መሆናቸውን አሳዩ። ባሳተሙት ጽሑፍ ላይም፣ ሥራው የተጀመረው በጋራ ክፍላችን ነው ብለው የባልደረባቸውን ስም ከራሳቸው ቀጥሎ አስገቡ። ይህን ነገራቸውን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም።

በመጨረሻም ባደረባቸው የጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው በተወለዱ በስድሳ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ። ባልደረባቸው ሆስፒታሉን አንድ ቀን እንኳ አልረገጡም፤ እኅታችን ግን በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ይሉ ነበር።

እኅታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል። አሁን ከፊት ረድፍ የተቀመጡት ባልደረባቸው፣ ስማቸው እንደ ወንድም አብሮ እንዲነበብላቸው ትናንት ሰው ልከውብኝ ነበር። እኅታችን ቢሆኑ ኖሮ ያስገቡት ነበር። የማነበው ግን እኔ ነኝ።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ስም በማይዘለልበት ስፍራ ያሳርፍልን።