በሰመራ የሸክላ ተኩስ ሜዳ ስለተተኮሱት ሁለት ጥይቶች የተሰጠ ቃል

የምስክር ስም፦ ዘሀራ ሀሰን
ዕድሜ፦ 31
አድራሻ፦ አዋሽ ከተማ
ሥራ፦ የመኪና መለዋወጫ ሻጭ
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ቀን፦ ሰመራ፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ተጠርጣሪዋን ሂያም አብዱልበሲጥንና የግል ተበዳይ ነኝ ያለውን ሙእሚን አብዱናሲርን አውቃቸዋለሁ። ሦስታችንም አዋሽ አርባ ባለው የሸክላ ተኩስ ክበብ አባላት ነን። ስፖርቱ በማስፈንጠሪያ ወደ ሰማይ የሚወረወር የሸክላ ሳህን ረሽ በሚባለው ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ መትቶ መስበር ነው። ስንጀምር ሴቶቹ እኔና ሂያም ብቻ ነበርን፤ ወንዶቹ የሚፈልጉንም ስባሪ እንድንለቅም ነበር። አሁን ከአባላቱ ግማሹ ሴት ነው።

ባለፈው ዓመት ክበቡን የሚወክለውን ለመምረጥ በተደረገው ማጣሪያ ሂያም ሙእሚንን አሸነፈችው። ግለሰቡ እጇን ሳይጨብጥ ሄደ። ከዚያ በኋላ እዚህ ሰመራ መጥቶ ለእጮኛዋ አባት ለሐጂ ሙሐመድሰዒድ፣ «ልጅቷ በተኩስ ስም ከወንድ ጋር በረሃ ታድራለች» ብሎ ነገራቸው። ሊታሰር የነበረው የጋብቻ ኒካ ፈረሰ። አባቷም ጠመንጃዋን ቀምተው መልካ ወረር አክስቷ ቤት ላኳት። ልጠይቃት ስሄድ አላለቀሰችም። «ዘሀራ፣ ሙእሚንን ቃሉን የማስውጠው እዚያው ሐጂ ፊት ነው» አለችኝ። እኔም «አላህ ያድርስሽ» አልኳት።

ጥር 17 ቀን በሰመራ ውድድር ሲካሄድ፣ የሴቶቹ ቡድን መሪ ስለሆንኩ ማንንም ሳላማክር ስሟን አስመዝግቤ ከአክስቷ ቤት አመጣኋት፤ የራሴን ጠመንጃና ጥይትም ሰጠኋት። ሐጂ ሙሐመድሰዒድ በክብር እንግድነት ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ለመጨረሻው ዙር የደረሱት ሂያምና ሙእሚን ናቸው። እሷ አንድም አልሳተችም። እሱ ሲሸነፍ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «ባል ያጣች ምን ሥራ አላት፤ ስትተኩስ ትዋል እንጂ» አለ።

ሂያም ሁለት ጥይት አጉርሳ አፈሙዙን ደረቱ ላይ አነጣጠረች። ሰው ተበተነ። «ለሐጂ የነገርካቸውን አሁን ድገመው» አለችው። ተንበረከከ። «ዋሸሁ፤ ወላሂ ዋሸሁ፤ ከማንም ጋር አላየኋትም» አለ። ሐጂም ሰሙ፣ ሰውም ሰማ። በዚህ ጊዜ አፈሙዙን ከእሱ ላይ አንስታ አጠገቡ በቆመው መኪናው ላይ ሁለቱንም ጥይት ተኮሰች። የፊት መስታወቱ ረገፈ። ከዚያ ባዶውን ጠመንጃ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ፖሊሶቹ እስኪመጡ ጠበቀች።

የቆምኩት በክንድ ርቀት ላይ ነበር። ለምን እንዳልያዝኳት ተጠይቄ፣ ስላልፈለግኩ ነው ብዬ መልሻለሁ። ሲንበረከክ ደስ አለኝ፤ አሁንም ሳስበው ደስ ይለኛል። ልትገድለው ሞከረች የሚለው ግን ውሸት ነው። የሚበር ሸክላ የማትስት ሴት የተንበረከከ ሰው አትስትም።

ትናንት ሐጂ ሙሐመድሰዒድ ሽማግሌዎች ይዘው ሂያም ወደታሰረችበት ጣቢያ መጥተው ነበር፤ እኔም ምግብ ላቀብላት መጥቼ አብሬ ሰምቻለሁ። ልጃቸው አሁንም ሊያገባት እንደሚፈልግ፣ ጠመንጃው ባርቆ ነው ካልን ደግሞ ሙእሚን ክሱን እንደሚተው ነገሯት። ሂያምም «ሐጂ፣ ልጅዎ እኔን ሳይጠይቅ አመነ። ሌላ ይፈልጉለት» አለቻቸው። ወደ እኔ ዞራም «እንዳትዋሺልኝ» አለችኝ።

ጠመንጃው አልባረቀም። አውቃ ነው የተኮሰችው። ምስክር ብላችሁ ጠራችሁኝ፤ ከእሷ ጋር ብትከሱኝም ቃሌ ይኸው ነው።

ቃሌ ተነብቦልኝ የተናገርኩት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ያልጨመርኩበትና ያላጎደልኩበት እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

ቃል ሰጪ፦ ዘሀራ ሀሰን (ፊርማ)
ቃሉን የተቀበለው፦ ረዳት ሳጅን ይታያል ገብረሥላሴ (ፊርማ)