ከባሩዱ በፊት አንድ ረጅም ቀዳዳ

ሰው በስድሳ ዓመቱ እንደዚያ ይሮጣል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ከዲጎሪ ሮዳ ጋር በወርቅ ከተማችን በቤንዲጎ መንገድ ስንሄድ፣ አጎት ሃኒባል ትሬምባዝ የሻማ ጉራጅ በጭቃ የተለጠፈበት ባርኔጣቸውን እንኳ ሳያወልቁ ከወርቅ ጉድጓዱ በኩል እየሮጡ ደረሱብን። እሳቸው የጉድጓዱ የፈረቃ አለቃ ናቸው። ዲጎሪ ደግሞ ፊደል ያስቆጠርኩት፣ ኋላም የከተማችን የማዕድን ትምህርት ቤት ገብቶ የተማረ የሃያ ሦስት ዓመት ጎልማሳ ነው።

«መምህር ፓስኮ! አንኳኩ!» አሉ ትንፋሽ እያጠራቸው። «በምሥራቁ ዋሻ ጫፍ፣ ከድንጋዩ ወዲያ! ኳ፣ ኳ፣ ኳ! በእነዚህ ጆሮዎቼ ሰማሁ!»

ማን እንዳንኳኳ መጠየቅ አላስፈለገኝም። እኛ ከአገራችን ከኮርንዎል ተነስተን ባሕር ተሻግረን የመጣን ቆፋሪዎች፣ ከምድር በታች ትንንሽ ሽማግሌዎች ይኖራሉ፣ ወርቅ ካለበት ያንኳኳሉ ሲባል ሰምተን ያደግን ነን። ምሳ ስንበላ የቂጣችንን ጠርዝ ለእነርሱ እንጥላለን። ያስቆጣቸዋል ስለሚባልም ጉድጓድ ውስጥ ማፏጨት ክልክል ነው። መምህር ልባል እንጂ እኔም በጊዜዬ ስንት ጠርዝ ጥያለሁ፤ አልዋሽም።

«ሰኞ ጠዋት በባሩድ አፈርሰዋለሁ!» አሉ አጎት ሃኒባል። «ልጄ ፔራን ከፊት ሆኖ ይመታል። ወርቁን መጀመሪያ የሚያየው እሱ ይሁን ብዬ ነው።»

ዲጎሪ ፊቱ ልውጥ አለ።

«አጎት ሃኒባል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰኞ ባሩድ አያስገቡ። ከዚያ ድንጋይ ወዲያ ያለው ውሃ ይመስለኛል።»

«ውሃ? ትምህርት ቤት የሚያስተምሩህ ውሃ ማሽተት ነው እንዴ?»

«ከአጥሩ ማዶ ያለውን የተተወ ጉድጓድ ያውቁታል። እንቁራሪት የሚንጫጫበትን። የመጀመሪያዎቹ ቆፋሪዎች ውሃ ሲያሸንፋቸው ጥለውት ሄዱ። ከታች ወዴት ወዴት እንደቆፈሩ የሚያሳይ አንድ ወረቀት እንኳ የለም። ዛሬ ጠዋት በገመድና በኮምፓስ ስለካው የእኛ ዋሻ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ወደ እሱ ነው። ድንጋዩም ያልበዋል።»

«በዚህ ሙቀት ድንጋይ ቢያልበው ምን ይገርማል? እኔስ እያላበኝ አይደል!» ብለው ከት ብለው ሳቁ። «ታዲያ ምን ላድርግልህ ልጄ? ጉድጓዱን ደፍኜ ሽንኩርት ልትከልበት?»

«አንድ ቀን ብቻ ይስጡኝ። ከባሩዱ በፊት አሥር ጫማ የሚዘልቅ አንድ ቀጭን ቀዳዳ እንሰርስር። ሾጣጣ የእንጨት ውታፍም አጠገባችን ይቀመጥ። ደረቅ ከሆነ የከሰርነው የአንድ ቀን ሥራ ነው። ውሃ ከመጣ ግን በውታፉ እንደፍነዋለን፤ ሰውም አይሞትም።»

«ልብስ ሰፊ አደረግኸኝ? በመርፌ እየወጋሁ ልሂድ? አንተ ጡት ሳትጥል ድንጋይ የፈለጥኩ ሰው ነኝ እኮ! አንኳኪዎቹ አታለው አያውቁም።»

ዲጎሪ አንገቱን ደፋ። ትሑት ልጅ ስለሆነ ከሽማግሌ ጋር ነገር አያከርርም። እኔ ግን ፔራንን አሰብኩ፤ እሱንም ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ከመካከላችን ማንም ደፍሮ የማያነሳውን ነገር አነሳሁ።

«አጎት ሃኒባል፣ ወንድምዎ ጄበዝ በምን ነበር የሞተው?»

«ያውቁታል እኮ መምህር። ጉድጓድ ውስጥ አፏጨ። ስንት ጊዜ ተው ብዬው ነበር! አስቆጣቸው።»

«ሲያገኙት እንዴት ሆኖ ነበር?»

«ውሃ… ውሃ በልቶት ነበር።»

«ከዚያ በፊትስ ድንጋዩ ያንኳኳ ነበር?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሳቃቸው ከፊታቸው ጠፋ።

«ሦስት ቀን ሙሉ» አሉ። ወዲያው ግን ቱግ ብለው «በቃ! ቀዳዳውን ራሴ እሰረስረዋለሁ! ደረቅ የሆነ እንደሆነ ይህ ጎረምሳ በጸሎት ቤቱ ሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ ይጠይቀኛል!» አሉ።

«በደስታ» አለ ዲጎሪ።

«እርስዎም ይወርዳሉ መምህር! ምስክር ነዎት።»

አንባቢዬ ሆይ፣ ሰኞ ጠዋት እውነትም ወረድኩ። አንድ እግሬን በብረቱ ባልዲ ውስጥ፣ አንዱን ከውጭ አድርጌ፣ በእንፋሎት የሚሽከረከረውን ገመድ አቅፌ ሁለት መቶ ጫማ ቁልቁል ወረድኩ። ከላይ ወርቅ ያለበትን ነጭ ድንጋይ የሚወቅጡት ብረቶች ድምፅ እየራቀ ሄደ። የተወቀጠው ዱቄት ከውሃ ጋር ባዜቃ በሚባለው ፈሳሽ ብረት ላይ ሲፈስ ወርቁን ባዜቃው ይይዘዋል፤ ከተማው ሁሉ የሚያድረው በዚያ ድምፅ ነው። ከታች ግን ሻማና የሚንጠባጠብ ውሃ ብቻ ነበር። በሐዲድ ላይ ድንጋይ የጫነ ጋሪ እየገፋ የሚመጣ ሰው ሲያልፈን ከግድግዳው ጋር ተለጠፍኩ።

አጎት ሃኒባል እንዳሉት መሰርሰሪያውን ብረት ራሳቸው ያዙ። ፔራንና ዲጎሪ ፊትና ኋላ ቆመው በየተራ በመዶሻ ይመቱታል፤ በእያንዳንዱ ምት ሽማግሌው ብረቱን ትንሽ ያዞሩታል። አንድ ጫማ፣ ሁለት ጫማ። ሲደንዝ ይቀየራል፤ ሲያጥር በረጅሙ ይተካል። ለባሩድ የሚበቃው ሦስት ጫማ ነው።

«ይኸው ሦስት!» አሉ አጎት ሃኒባል። «ደረቅ ነው! እንደ አሮጌ ዳቦ የደረቀ! ይቅርታህን ከወዲሁ አጥና፣ ልጄ።»

«ይቀጥሉ፣ አጎት።»

አራት ጫማ። ልክ አምስት ጫማ ላይ ብረቱ ስልክክ ብሎ ባዶ ውስጥ ገባ።

«ገለል በሉ!» ብሎ ዲጎሪ ጮኸ።

ብረቱ ተወርውሮ ወጣና በአጎት ሃኒባል ጆሮ ሥር አልፎ ኋላ ካለው ግድግዳ ጋር ተላተመ። ተከትሎት የአውራ ጣት ያህል ውፍረት ያለው ውሃ እየጮኸ ወጣና ሦስት ሻማ በአንዴ አጠፋ። ሽታው የበሰበሰ ጭቃ ነበር። በአንዲት ሻማ ብርሃን ፔራን በደረቱ ውሃውን እየገፋ ውታፉን አስገባ፣ ዲጎሪ ደግፎ ያዘ፣ አጎት ሃኒባልም መዶሻውን አንስተው መቱ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ! ጩኸቱ ወደ ፉጨት፣ ፉጨቱ ወደ ጠብታ ተለወጠ።

ሽማግሌው የወደቀውን ብረት አንስተው ሦስት ጫማ በእጃቸው ለኩ፤ ቀሪውን ሁለት ጫማም በዓይናቸው ለኩት። በባሩድ የተሰነጣጠቀ ሁለት ጫማ ድንጋይ ቢቀር ያ ሁሉ ውሃ እንዴት አድርጎ እንደሚገፋው ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ። ዞረው ፔራንን አቀፉና እንደ ሕፃን አለቀሱ።

«ዲጎሪ» አሉ ከዚያ፣ «ጸሎት ቤት ቆሜ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ።» እሑድም ቆመው ጠየቁ።

ቀዳዳው ላይ ቧንቧ ተተከለለት፤ የእንፋሎቱ መሳቢያ በሚችለው መጠን ውሃውን ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀዳነው። ዛሬ በእኛ ጉድጓድ ከረጅሙ ቀዳዳ በፊት ባሩድ የሚያስገባ ሰው የለም። እያንዳንዱ ዋሻም እየተለካ በወረቀት ይሰፍራል፤ ከእኛ በኋላ የሚመጣው እንደ እኛ በዕውር ድንብር እንዳይቆፍር ነው። ያቺ አንዲት የጠፋች ቀን ስንት ሰው ለምሳው እንዳበቃች አስቡት! ልጅን ትምህርት ቤት መላክ ጉልበት ማባከን ነው የሚሉኝ አባቶች ሲመጡም ወደ አጎት ሃኒባል እልካቸዋለሁ። ከእኔ ይልቅ የሚጮኹት እሳቸው ናቸው።

ውሃው ያለቀ ቀን ግድግዳውን አፍርሰን ገባን። በአሮጌው ዋሻ ግድግዳ ላይ ነጩ ድንጋይ በሻማው ብርሃን ቢጫ ሲያብለጨልጭ ሁላችንም በአንድ ድምፅ ጮኽን! አጎት ሃኒባል ግን ወደ ወርቁ አላዩም። መሬቱ ላይ ትልቅ ግንድ ተጋድሟል፤ የድሮዎቹ ለድጋፍ አስገብተው የተዉት ነው። ለዓመታት በውሃው ላይ ሲንሳፈፍና ሲላተም የአንድ ወገን ጫፉ ተጨፍልቋል። ሽማግሌው ተንበርክከው ጫፉን ደባበሱት፤ ከዚያ በጉልበታቸው ከፍ አድርገው ከድንጋዩ ጋር አጋጩት።

ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

«ጄበዝ ምንም አላጠፋም» አሉ። «አርባ ዓመት ሙሉ ፈረድኩበት። እናቴም ልጄ በገዛ ጥፋቱ ሞተ ብላ ነው የተቀበረችው። ምንም አላጠፋም እኮ!»

በባልዲው ልንወጣ ስንል ከኋላችን አንድ ድምፅ ሰማን። ፔራን ደንግጦ ዞረ። አጎት ሃኒባል ትሬምባዝ፣ በሕይወት ዘመናቸው ከምድር በታች አፋቸውን አሹለው የማያውቁት ሰው፣ ሻማቸውን ይዘው እየመጡ ያፏጩ ነበር።