ከዘንድሮው ፖም ጎን

በመስከረም መጨረሻ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ወደ ፌዮ ደሴት በምታሻግረው ጀልባ ላይ ጋሽ ኤይናርን አገኘኋቸው። ልጅ ሳለሁ ጎረቤታችን ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፖም ለጭማቂ በሚጨመቅበት ቤት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። አራት ጆንያ፣ አንድ ትልቅ አንሶላና ጫፉ የቆለመመ ረጅም ዱላ ይዘዋል።

«አስታ! የዛፍ ሐኪሟ!» አሉኝ። «ትምህርቱ አላለቀም? ዛፍ እንደሆን ምላስህን አውጣ አይባል!»

«አንድ ዓመት ቀርቶኛል፣ ጋሽ ኤይናር። ይህ ሁሉ ጆንያ ለምንድን ነው?»

«ነገ ከነልጆቼ፣ ከነልጅ ልጆቼ አሥራ አንድ ሆነን ቦዲል ዘንድ ፖም እንለቅማለን። ባለቤቴ ኤልሴ ካረፈች ወዲህ ሁላችን የምንገናኘው በዚህ ቀን ብቻ ነው። ዕቃውን ዛሬ ላድርሰው ብዬ ነው።»

አንገቴን ደፋሁ። እትዬ ቦዲል ሰው ራሱ ለቅሞ የሚገዛበት የፖም እርሻ ባለቤት ናቸው፤ እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ እሠራላቸዋለሁ። ባለፈው ኅዳር፣ ለቃሚ የገነጣጠላቸውን ቅርንጫፎች በመጋዝ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ዘንድሮም እንዲያ ከሆነ በሩን ለለቃሚ ሊዘጉ ቆርጠዋል። የተጎዱት የጋሽ ኤይናር ቤተሰብ የለቀመባቸው ዛፎች መሆናቸውን ግን ለራሳቸው ለጋሽ ኤይናር ማንም አልነገራቸውም። እኔም ዝም ብል ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ነገ ቅርብ ነበር።

«አንሶላውስ?» አልኩ።

«ከሥር ይነጠፋላ! ዛፉ ይነቀነቃል፣ ፖሙ ይረግፋል። አባቴም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው።»

«እሱ ለመጭመቂያ ነው። የሚጨመቅ ፖም ቢመታ ምን ይሆናል? ለመብል የሚቀመጠው ግን... ያምናው እስከ መቼ ቆየልዎ?»

«ለገና በዓል ግማሹ በሰበሰ። ምድር ቤቱ እርጥበት አለው።»

«እትዬ ኤልሴ በነበሩ ጊዜስ?»

ወደ ባሕሩ ዞሩ። «እስከ የካቲት እንበላ ነበር» አሉ። «እሷ አንድ አንድ እያለች በእጇ ነበር የምትለቅመው። ቀርፋፋ እያልኩ አሾፍባት ነበር።»

እርሻው ስንደርስ አንድ ፖም እንዲቀጥፉ ለመንኳቸው። ጎተት ሲያደርጉት አጭር ጉጥ፣ የቅርንጫፉን ቁራጭ፣ ይዞ መጣ።

«ጉጡ ጫፍ ላይ ያለችውን እምቡጥ ይዩዋት» አልኳቸው። «የሚመጣው ዓመት አበባ እዚህ ውስጥ ነው። ባለፉት ሞቃት ወራት ተሠርቶ አልቋል።»

«አሁን? በረዶው ሳይመጣ?»

«አሁን። ከዘንድሮው ፖም ጎን ነው የሚቀመጠው።»

መዳፋቸው ላይ አድርገው ብዙ አዩት፤ ከዚያ በመጋዝ ወደተቆረጡት ቅርንጫፎች ቀና አሉ። «እነዚህን አምና የሰበርናቸው... እኛ ነን?»

«አዎን።»

«ስንት ዛፍ?»

«ሰባት።»

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽ ለመቼ ነበር?»

«ፈርቼ ነው» አልኩ፤ እውነትም ነበር።

ከዚያ አሳየኋቸው፤ ፖሙን በመዳፍ ደግፎ ወደ ላይ ቀና ማድረግ፣ በጥቂቱ መጠምዘዝ። የደረሰ ራሱ ይለቃል። እምቢ ካለ ጊዜው ገና ነውና ይተዉታል። ጆንያም አይሆንም፤ የላይኛው የታችኛውን ይደፈጥጠዋል። ጋሽ ኤይናር ሦስተኛውን ፖም ሲቀጥፉ ምንም ድምፅ አልተሰማም።

በማግስቱ ጋሽ ኤይናር አሥሩን ልጅና የልጅ ልጅ በእርሻው በር ላይ አሰለፏቸው።

«የሚጎትት ሰው መኪና ውስጥ ይቀመጣል! የነከሰ ይጨርሳል፣ መጣል የለም! የደረሰው ኢንግሪድ ማሪ የሚባለው የፖም ዓይነት ብቻ ነው፤ ከዚህ ረድፍ ንቅንቅ እንዳትሉ!»

«አባባ፣ አምና ነቅንቁት ያልከን አንተ አይደለህ?» አለ ትልቁ ልጃቸው።

«አምና መሃይም ነበርኩ። ቅርጫትህን ያዝ!»

በጆንያው ፈንታ ያመጡት ሦስት ዝርግ ቅርጫት ብቻ ነበር። አንሶላው ላይ ተቀምጠው ጥቁር ዳቦና ዓሣ በሉ፤ በችኮላ የሚለቅም ስላልነበረ ሲጨዋወቱ ዋሉ። ማታ እትዬ ቦዲል እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ረድፉን ከዳር እስከ ዳር ተመላለሱበት። አንድም የተገነጠለ ቅርንጫፍ አላገኙም። ሲመለሱ፣ «ለከርሞው ቀን ይያዝላቸው» ብቻ አሉኝ።

በእርጋታ የለቀመ ሰው ለባለ እርሻው ውለታ የዋለ ይመስለዋል። ነገር ግን በበረዶው ወራት ደህና ፖም የሚበላው እሱ ነው፤ ዛፉ አብቦ ዳግም ሲያፈራ የሚመለስበት በር ያለውም እሱ ነው።

በየካቲት አንድ ቀን ጋሽ ኤይናር ቤቴን አንኳኩ። ከኮታቸው ኪስ ቀይ ፖም አውጥተው ሰጡኝ፤ ቆዳው ጥቂት ከመጨማደዱ በቀር አንድ ጠባሳ የለበትም።

«ለካ ምድር ቤቱ ደረቅ ነው» አሉ።